የድር ጥያቄ የባለቤትነት ጥያቄ ነው

የአንድ መሣሪያ ባሕርይ የሚታወቀው በአሠራሩ ብቻ አይደለም። በማን እጅ እንዳለ፣ ለማን ጥቅም እንደሚውል፣ ማን ሊከፍተውና ማን ሊዘጋው እንደሚችል ሲመረመር ጭምር ነው። ማረሻ ማረሻ ነው፤ ዳሩ ግን በጭሰኛ ትከሻ ላይ ሲሆንና በባለይዞታ ገበሬ ትከሻ ላይ ሲሆን አንድ ዓይነት ማረሻ አይደለም። ይህን የቆየ ጥያቄ ዛሬ ለማንሣት የተገደድነው ያለ ምክንያት አይደለም። በየኪሳችን ይዘነው የምንዞረው የኢንተርኔት ድር በሠርቶ አደሩ ኑሮ ላይ ያለው ሥልጣን ከቀን ወደ ቀን እየከበደ መጥቷል። በቀበሌ ስብሰባም ሆነ በሥራ ቦታ የሚነሣው ክርክር ግን ከሁለት አጉል ጫፎች ሲወጣ አይታይም። አንደኛው ወገን የሥልጣኔ በር ነውና ዝም ብለን እንግባበት ይላል። ሌላው ወገን የጥፋት መሣሪያ ነውና ይዘጋ ይላል። የበሩ ባለቤት ማን እንደሆነ ግን ሁለቱም አይጠይቁም።

ነገሩን ከሥሩ ለመያዝ ጥቂት ወደኋላ መመለስ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የታዳጊ አገሮች አንዱ ታላቅ እሮሮ የዓለም ዜና በጥቂት ምዕራባውያን የዜና ወኪሎች እጅ መያዙ ነበር። ስለ ራሳችን ድርቅና ስለ ራሳችን ጦርነት የምንሰማው በሌላ ሰው አፍ ነበር። ዩኔስኮ ይህንኑ እንዲያጠና በአየርላንዳዊው ሾን ማክብራይድ ሊቀመንበርነት 16 አባላት ያሉት ኮሚሽን አቋቁሞ፣ የኮሚሽኑ ሪፖርት እ.ኤ.አ. በ1980 ወጣ። መረጃ ከሀብታሙ ወደ ድኃው በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንደሚፈስ፣ ይህም ሚዛን ሊስተካከል እንደሚገባው በሰነድ ሰፈረ። የተከተለው ግን ማስተካከያ ሳይሆን ኩርፊያ ነበር። ክርክሩ ካስቆጧቸው ነገሮች አንዱ ሆኖ፣ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1984 መጨረሻ፣ ብሪታንያም በዓመቱ ዩኔስኮን ጥለው ወጡ። ለእሮሮው መልስ የሚሰጥ ጉባኤ ሳይገኝ ዓመታት አለፉ።

መልሱ የመጣ የመሰለው ማንም ባልጠበቀው አቅጣጫ ነው። በስዊዘርላንድና በፈረንሳይ ድንበር ላይ በሚገኘው ሰርን በተባለው የአውሮፓ የኑክሌር ምርምር ማዕከል ይሠራ የነበረ ቲም በርነርስ ሊ የተባለ እንግሊዛዊ፣ በመጋቢት 1981 ዓ.ም. ለአለቃው አንድ የሥራ ሐሳብ አቀረበ። በማዕከሉ ያሉት የምርምር ሰነዶች በየኮምፒዩተሩ ተበታትነው ስላስቸገሩ፣ አንዱ ሰነድ ወደ ሌላው በሚያመለክት ማያያዣ በድር መልክ ቢተሳሰሩ የሚል ነበር። አለቃው በወረቀቱ ራስጌ ላይ ሐሳቡ ደብዘዝ ያለ ቢሆንም የሚማርክ ነው ብሎ እንደጻፈበት ይታወቃል። በዚህ ደብዛዛ ሐሳብ ላይ ተመሥርቶ በ1983 ዓ.ም. ለዓለም የተዋወቀው የመጀመሪያው ድረ ገጽ የሚያስረዳውም ድር ምን እንደሆነ ነበር።

ከቴክኒኩ ይልቅ ለእኛ ጥያቄ ክብደት ያለው ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ሚያዝያ 22 ቀን 1985 ዓ.ም. ማዕከሉ ድሩን ማንም ያለ ክፍያና ያለ ፈቃድ እንዲሠራበት ለሕዝብ ለቀቀው። የዚህን ውሳኔ ዋጋ ለመገመት በዚያው ዘመን ከነበረው ተፎካካሪው ጋር ማነጻጸር ይበቃል። በአሜሪካ በሚኔሶታ ዩኒቨርሲቲ የተፈጠረው ጎፈር የተባለ አሠራር በወቅቱ ከድሩ ይልቅ ተስፋፍቶ የነበረ ሲሆን፣ ዩኒቨርሲቲው በዚያው ዓመት አንዳንድ ተጠቃሚዎችን የፈቃድ ክፍያ እጠይቃለሁ ባለ ጊዜ ሰው እየሸሸው ሄዶ ተረሳ። ድሩ ያሸነፈው የጋራ በመሆኑ ጭምር ነው። ፈጣሪው እ.ኤ.አ. በ2012 በለንደን ኦሊምፒክ መክፈቻ ላይ ከስታዲየሙ መሐል ሆኖ ለዓለም የጻፈው አጭር መልእክት ይህ ለሁሉም ነው የሚል ነበር።

የድሩ ተስፋ እንግዲህ ይህ ነበር። የሚጽፍ ሰው ከማዕከል ፈቃድ አይጠይቅም፤ የሚያነብ ሰው የዜና ወኪል ደጅ አይጠናም። ማክብራይድ በሰነድ የጠየቀውን ሽቦና ኮምፒዩተር የሚፈጽሙት መሰለ።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ከድሩ በፊት የኮምፒዩተር መልእክት የደረሰን በአዲስ አበባ በሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪቃ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ በነበረው ፓዲስ በተባለው ክፍል በኩል ነው። መልእክቱ ተጠራቅሞ በስልክ መስመር ሲደወል ብቻ የሚላክ፣ ፖስታ እንጂ መንገድ ያልነበረ አገልግሎት ነበር። ከዚያም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ዶክተር ዳዊት በቀለን የመሳሰሉ ምሁራንና ባለሙያዎች ኢንተርኔትን ወደ ኢትዮጵያ እናምጣ ብለው ተሰባስበው ወተወቱ፤ በጥር 1989 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን አገልግሎቱን ጀመረ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንጠቅስ ማለፍ አንወድም። በእነዚያ የመጀመሪያ ዓመታት ድሩ ግዕዝ ፊደልን አያውቅም ነበር። በውጭ የሚኖረው ወገናችን ስላገሩ ሲጽፍ አማርኛውን በላቲን ፊደል እየፈተለ ነበር የሚልከው። ይህን ለማስተካከል አብዛኛውን ጊዜ ያለ ደመወዝ የደከሙ ሰዎች ነበሩ። ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ የግዕዝን ፊደል በላቲን ቁልፍ በአንድ ወጥ ሕግ መጻፍ የሚያስችለውን ሴራ የተባለ አሠራር አዘጋጁ። ይኸው ዳንኤል ያዕቆብ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ስለ አፍሪቃ ቀንድ የሚገኙ ገጾችን አሰባስቦ የሚያሳይ ድረ ገጽ ከሠሩት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። ከብዙ ክርክርና ደብዳቤ በኋላ የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ ውስጥ ገባ። ዛሬ አንድ የመሐል ሜዳ ተማሪ በስልኩ "ሀ" ብሎ ሲጽፍ፣ ያቺ ሆሄ በዓለም ኮምፒዩተር ሁሉ "ሀ" ሆና የምትነበበው በእነዚያ ሰዎች ድካም ነው። ትርፍ ፈላጊ ኩባንያ አስቦበት አይደለም። ፊደሉ ገባ፤ ፊደሉን የሚያነብ ጠባቂ ግን አብሮ አልገባም። ወደዚህ እንመለሳለን።

ተስፋው እንዴት እንደተበላሸ ለማስረዳት ከጄኔቫ ይልቅ መንዝ ይቀርበናል። በመንዝ ደጋ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ፣ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋው የጓሳ ምድር ተንጣሎ ይገኛል። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት መሆኑን ቱሪስቱም ያውቀዋል። ለመንዝ ገበሬ ግን ጓሳ ማለት የቤት ክዳን፣ ገመድና በድርቅ ዘመን የከብት መሸሻ ነው። ይህ ምድር ለመቶዎች ዓመታት ሳይራቆት የኖረው ባለቤት አልባ በመሆኑ አይደለም። ከአስቦና ከጌራ ዘር የሚወለዱ ባለ ርስቶች አባ ቄራ የሚባሉ አለቆችን እየመረጡ፣ ጓሳውን ለሦስትና ከዚያ ለሚበልጥ ዓመት እየዘጉ፣ ሣሩ ሲደርስ እየከፈቱ፣ ጥሶ የገባውን እየቀጡ ያስተዳድሩት ነበር። ሥርዓቱም ቄሮ ይባላል።

ይህን ሥርዓት አናሞካሸውም። መብቱ በዘር ሐረግ የተወሰነ ስለነበረ፣ ከአቅኚ አባት የማይወለድ ሰው ሣሩን ከሩቅ ከማየት በቀር ድርሻ አልነበረውም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ይህን የዘር አጥር አፈረሰ፤ ማፍረሱም ተገቢ ነበር። ዳሩ ግን ከአጥሩ ጋር ጥበቃውም አብሮ ፈረሰ። የመግባት መብት ለሁሉም ሲዳረስ የመጠበቅ ግዴታ ለማንም በግልጽ አልተሰጠም። በውጤቱም ጓሳው በየአቅጣጫው ታጨደ፣ ተጋጠ፣ ዳር ዳሩም ታረሰ። ያገገመው የአካባቢው ሕዝብ በየቀበሌው ተወካይ መርጦ፣ የጥበቃ ምክር ቤት አቋቁሞ፣ በዘር ሳይሆን በነዋሪነት ላይ የተመሠረተ አዲስ ደንብ ካወጣ በኋላ ነው።

ቅራኔው እዚህ ላይ ግልጽ ይሆናል። ለሁሉም ክፍት መሆንና በአግባቡ መጠበቅ ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው፤ አንዱ ሲገኝ ሌላው በራሱ አይመጣም። በ1985 ዓ.ም. ለሁሉም የተከፈተው ድር የገጠመው ችግር ይኸው ሲሆን፣ የባሰ የሚያደርገው ግን ጠባቂ ያጣው ሜዳ ለሁሉም ግጦሽ ሆኖ አለመቅረቱ ነው። ጉልበት ያላቸው መጥተው በሜዳው ላይ የራሳቸውን አጥር አጠሩበት። ፌስቡክ፣ ጉግል፣ ዩቲዩብ፣ ቲክቶክ የምንላቸው በጋራው ሜዳ ላይ የተሠሩ የግል ግቢዎች ናቸው። ብዙው ወገናችን ኢንተርኔት ሲል ፌስቡክ ማለቱ፣ በግቢው ውስጥ ተወልዶ ሜዳውን ያላየ ጥጃ መሆኑን ያሳያል።

ፈጣሪው ራሱ ይህን ሳያይ አልቀረም። ድሩ በተጸነሰ በ28ኛ ዓመቱ፣ በመጋቢት 2009 ዓ.ም.፣ ለሕዝብ ባወጣው ደብዳቤ ሦስት ነገሮች እንደሚያሰጉት ገለጠ። ሰው የግል መረጃውን ማዘዝ አለመቻሉ፣ ሐሰት በድሩ ላይ በቀላሉ መሠራጨቱ፣ የፖለቲካ ማስታወቂያ ማን እንደከፈለበት ሳይታወቅ መራጩን መከተሉ። በዓመቱ ደግሞ ጥቂት ኩባንያዎች የትኛው ሐሳብ እንደሚታይና የትኛው እንደሚሸሸግ የመወሰን ሥልጣን መያዛቸውን አከለ። የፈጣሪውን ቅንነት ባንጠራጠርም፣ ጉድለቱን መጠቆም ግን ይገባናል። ሠላሳ ዓመት ሊሞላ ሲል የመጣው ይህ ማስጠንቀቂያ፣ ሜዳው ሲከፈት አባ ቄራ ማን ይሁን ብሎ ያልጠየቀ ሰው የኋላ ጸጸት ነው።

የግቢዎቹ ትርፍ ከየት ይገኛል የሚለውን ሠራተኛው አንባቢያችን በቀላሉ ይረዳዋል። ፌስቡክን ለመጠቀም ገንዘብ አንከፍልም። ታዲያ ኩባንያው በዓለም ከበለጸጉት አንዱ የሆነው እንዴት ነው? የሚሸጠው የእኛን ጊዜ ነው፤ ገዢው ደግሞ ማስታወቂያ ነጋዴው። ስልኩ ላይ ባፈጠጥን ቁጥር ሸቀጡ ይበዛል። ሰውን አፍጥጦ የሚያቆየው ምን እንደሆነም በልምድ እናውቃለን፤ ሁለት ሰው በሰላም ሲጫወት አላፊ አግዳሚው አይቆምም፣ ሲጣላ ግን ገበያው ሁሉ ይከባል። የኩባንያው ሠራተኛ የነበረችው ፍራንሲስ ሃውገን ሰነዶቹን ይዛ ወጥታ በመስከረም 2014 ዓ.ም. በአሜሪካ ሴኔት ፊት ስትመሰክር፣ ጠብ የሚያጭረው ጽሑፍ ከሌላው እየቀደመ እንዲታይ የሚያደርግ አሠራር መኖሩን፣ ኩባንያውም ማወቁን ተናገረች። አደጋው ሕይወት የሚያጠፋ መሆኑን ስታስረዳ ከምያንማር ጋር ስሟን የጠራቻት አገር ኢትዮጵያ ነበረች።

ከአንድ ወር በኋላ፣ ጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር የነበሩት ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ በቤታቸው ደጃፍ በጥይት ተገደሉ። ትግራዊ ነበሩ። ከመገደላቸው በፊት ፎቶግራፋቸውና አድራሻቸው ከውንጀላ ጋር በፌስቡክ ወጥቶ ነበር። ቤተሰባቸው ጽሑፉ እንዲነሣ ለኩባንያው ደጋግሞ ቢያመለክትም በጊዜው ሰሚ እንዳላገኘ ልጃቸው አብርሃም መዓረግ በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. በናይሮቢ ባቀረበው ክስ ዘርዝሯል። ጣቱን በቃታው ላይ ያሳረፈው ሰው ወንጀለኛ ነው፤ ይህ አያከራክርም። ጽሑፉን የጻፈውም እንዲሁ። እኛ የምናነሣው ጥያቄ ግን ከጸሐፊው ቀጥሎ የቆመውን፣ ጽሑፉን ተሸክሞ ከቤት ቤት ያደረሰውን፣ ሲያደርሰውም ሒሳብ የሚሠራውን ሦስተኛ ወገን ይመለከታል። ያ ወገን አማርኛ፣ ኦሮምኛና ትግርኛ ከሚጻፍበት አገር ማስታወቂያ ሲሰበስብ፣ እነዚህን ቋንቋዎች አንብቦ ክፉን ከደግ የሚለይ በቂ ሰው አልቀጠረም።

የስም አልባው ወሬ ጉዳይ ለሸዋ ገበሬ አዲስ አይደለም። አውጫጭኝ ወይም አፈርሳታ በሚባለው ልማድ፣ ሌባ ሲጠፋ የአካባቢው ሰው ሁሉ ተሰብስቦ፣ ስሙን መግለጥ ያልፈለገ "ወፍ" ጥርጣሬውን ለተመረጡ ሽማግሌዎች በጆሮ ይናገር ነበር። ሰውን ከሥራው አግዶ የሚያስጨንቅ፣ ንጹሑንም የሚያንገላታ ልማድ እንደነበረ አንክድም። ቢሆንም ወፉ የሚናገረው ለሚያመዛዝኑ ሽማግሌዎች እንጂ ለተሰበሰበው ሕዝብ አልነበረም። ዛሬ ወፏ ሽማግሌዎቹን ዘልላ በቀጥታ በአደባባይ ትጮኻለች፤ ጩኸቷን የሚያጎላ መሣሪያ የያዘው ደግሞ በጩኸቱ መጠን ይከፈለዋል።

ሕግ የለም እንዳይባል፣ የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አለ። የማኅበራዊ መገናኛ አገልግሎት የሚሰጥ ድርጅት ማሳሰቢያ በደረሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ሕገ ወጡን ጽሑፍ እንዲያነሣም ያዛል። ነገር ግን ጸሐፊውን ፖሊስ ደርሶ ሊይዘው ሲችል፣ ግቢው የተተከለው ካሊፎርኒያ ነው። በተግባር የሕጉ ክንድ የሚደርሰው እስከ ድኃው ጸሐፊ ድረስ ብቻ ከሆነ፣ የሚቀጣው ጭራውን እንጂ ራሱን አይደለም።

ሁለተኛው መፍትሔ ተብሎ ሲሠራበት የቆየው መዝጋት ነው። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ የስልክ አጭር የጽሑፍ መልእክት ተቋርጦ የተመለሰው በ2000 ዓ.ም. መባቻ ነው። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ሲገደል መላው አገር ለሦስት ሳምንት ያህል ያለ ኢንተርኔት ቆየ። ትግራይ ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ሁለት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ተቆረጠች። በአማራ ክልልም ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ጠፋ። በየጊዜው የተሰጠው ምክንያት የሕዝብ ደኅንነት ነው። ደኅንነት ቀላል ነገር አይደለም፤ ሰው ሲገደል ዝም ብለን እንይ አንልም። ግን ውጤቱ ይመርመር።

የመርሐቤቴንና የግሼን ምድር የሚያውቅ ሰው፣ አንዱ ቀበሌ ከሌላው በጀማና በወንጪት ገደሎች እንደሚለያይ ያውቃል። ከዓለም ከተማ ወይም ከራቤል አንድ ወረቀት ይዞ ደብረ ብርሃን መድረስ ቀን የሚፈጅ ጉዞ ነው። እንዲህ ላለ አገር የስልክ መስመር ከከተማ ይልቅ ለገደል ማዶ ሰው ይጠቅማል። መስመሩ ሲጠፋ የመንዝ በግ ነጋዴ የአዲስ አበባን ዋጋ ሳያውቅ ለደላላ ይሸጣል፤ በአረብ አገር ቤት ሠራተኛ የሆነች ልጅ ለእናቷ ገንዘብ መላኳን መንገር አትችልም፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የምዝገባ ቀን ያልፈዋል። ወሬ ግን በእግሩ ይሄዳል። ማስተባበያው ነው መስመር የሚፈልገው። ከዚህም በላይ በውጭ ተቀምጦ እሳት የሚያቀብለው ሰው መስመሩ አይዘጋበትም፤ የሚዘጋበት በእሳቱ መሐል ያለው ነው። እኛም በውጭ አገር ትምህርት ላይ ሳለን ይህን በራሳችን አይተነዋል። ከእኛ ጠረጴዛ ላይ የአገራችን ወሬ ሞልቶ ሲፈስ፣ የገዛ ቤታችን ስልክ አይነሣም ነበር። በዚያ ሰሞን ከሰማነው ውስጥ ምን ያህሉ ውሸት እንደነበረ ያወቅነው መስመሩ ከተከፈተ በኋላ ነው።

እንግዲህ አንደኛው ወገን፣ ኩባንያው፣ በሩን ከፍቶ አይጠብቅም። ሌላው ወገን መጠበቅ ሲያቅተው ይዘጋል። በጓሳው ቋንቋ ስንናገር አንዱ አለ ቄሮ የሚያስግጥ፣ ሁለተኛው ጓሳውን የሚያቃጥል ነው። የመንዝ ሕዝብ ለሣሩ ያገኘው ሦስተኛ መንገድ፣ ማለትም ተጠቃሚው ራሱ የሚመርጠው፣ የሚያውቀውና ሊሽረው የሚችለው ጠባቂ፣ ለድሩ እስከ ዛሬ አልተፈጠረም። ጅማሬው ግን ከሩቅ መፈለግ የለበትም። ዛሬ አብዛኛው የቀበሌ ነዋሪዎች ማኅበር፣ ዕድርና የሠራተኛ ማኅበር በቴሌግራም ይጠራራል። በዚያ ላይ ስም ጠርቶ ሰውን የሚያስጠቃ ጽሑፍ ሲመጣ ማን ያነሣዋል? የተነሣበትን ምክንያት ለአባላት ማን ይናገራል? የተወነጀለው ሰው መልስ የሚሰጠው የት ነው? ይህን በቃለ ጉባኤ የወሰነ ማኅበር ስንት ነው? የዕድር ድንኳንና የሸክላ ሰሐን በደንብ ተመዝግበው ጠባቂ ተመርጦላቸው ሳለ፣ የሰውን ሕይወት ሊያጠፋ የሚችለው መድረክ የተውነው ለከፈተው ጎረምሳ ብቻ ነው።

ከማኅበር አቅም በላይ የሆነው ደግሞ በፍርድ ቤት ተጀምሯል። በመጋቢት 2017 ዓ.ም. የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ የፌስቡክ ባለቤት የሆነው ሜታ በኬንያ ልከሰስ አይገባኝም ሲል ያቀረበውን መቃወሚያ ሳይቀበል ቀርቶ፣ የአብርሃም መዓረግና የጓደኞቹ ክስ የመታየት ሥልጣን አለኝ ሲል ወሰነ። ከሳሾቹ ከካሣው ሌላ የሚጠይቁት፣ ጥላቻን እያጎላ የሚያሳየው አሠራር እንዲለወጥና የአካባቢውን ቋንቋዎች የሚያውቁ ጽሑፍ ተቆጣጣሪዎች ቁጥር እንዲጨምር ነው። ይህ ሁለተኛው ጥያቄ ከመንዝ እስከ ናይሮቢ ማንም ሠራተኛ ሊያቀርበው የሚችል ነው። ኩባንያው በአማርኛ የሚጻፈውን የሚያነቡለት ስንት ሰዎች እንደቀጠረ፣ በስንት ደመወዝና በቀን ለስንት ሰዓት እንደሚያሠራቸው ቁጥሩን በይፋ ያውጣ።